ልጅ ሲታመም ጎንደር ላይ ወዴት ይወሰድ? ጤና ጣቢያ፣ የግል ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት ወይስ ሆስፒታል

ልጅ ሲያተኩሰው ቤት ውስጥ የሚነሳው የመጀመሪያ ክርክር "ምን ነካው?" አይደለም። "የት እንውሰደው?" ነው። አያት ምች ነው ብላ ዳማከሴ ታስፈልጋለች። አባት ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ ልግዛ ብሎ ይነሳል። ጎረቤት "ጊዜ አትፍጁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል" ትላለች። እናት ደግሞ የሆስፒታሉ ወረፋ ትዝ ይላትና የግል ክሊኒክ ይሻላል ትላለች።

ሁሉም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ግን የሚመርጡት በለመዱት ነው እንጂ ልጁ ባለበት ሁኔታ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት ሕክምና ሁልጊዜ የተሻለ ሕክምና አይደለም። ትልቁ ሆስፒታልም ለማንኛውም ጉንፋን ትክክለኛ ቦታ አይደለም። በእኔ እምነት ጎንደር ላይ ብዙ ወላጅ የሚዘለው ጤና ጣቢያውን ነው። ለአብዛኛው የልጅ ሕመም ግን መጀመሪያ መሄድ ያለብን እዚያ ነው። ጤና ጣቢያ እንኳ ሳይረግጡ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ሕመምም አለ። እነዚህን ሁለቱን መለየት የቻለ ወላጅ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

## ከመምረጣችን በፊት የምናያቸው ነገሮች

ከሁሉም በፊት አጣዳፊነቱ ይታይ። የጤና ባለሙያዎች ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቋቸው አራት ነገሮች አሉ። ልጁ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አቅቶታል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል? አንቀጥቅጦታል? ፈዟል፣ ወይም ሲጠሩት አይነቃም? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ስለ ዋጋም ስለ ወረፋም አይታሰብም። ሆስፒታል ቅርብ ከሆነ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍሉ። ሩቅ ከሆነ ደግሞ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም፣ ከዚያ በሪፈር።

አተነፋፈሱን ማንኛውም ወላጅ ቤቱ ሊቆጥር ይችላል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን ከፍ አድርጉና የሆዱንና የደረቱን እንቅስቃሴ አንድ ደቂቃ ሙሉ በስልክ ሰዓት ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ እጥፍ ማድረግ ያሳስታል። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። በዚያው ቀን ይታይ። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደግሞ እስከ ነገ አይቆይም።

ዕድሜው ሁለተኛው መስፈርት ነው። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከትልልቆቹ ጋር አይወዳደርም። ትኩሳቱ 37.5 ወይም በላይ፣ ወይም ሰውነቱ ቀዝቅዞ ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ወይም መጥባት ከቀነሰ "እስኪ እስከ ማታ እንየው" አይባልም። አራስ ሕፃን ሲብስበት ብዙ አያለቅስም። ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ቤተሰቡን ያዘናጋል።

ሦስተኛው፣ መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ምን ይታያል የሚለው ነው። ልጁ ይመዘናል? ትኩሳቱ ይለካል? ትንፋሹ ይቆጠራል? ለወባ የሚያጋልጥ ነገር ካለ ደሙ ይታያል? አንድን ቦታ ጥሩ ነው የምለው በዚህ ነው። እኔ ራሴ አንድ ክሊኒክ ልጄ ሳትመዘን ሦስት ዓይነት ሽሮፕ ተጽፎልኛል። ኪሎዋን ሳታውቁ መጠኑን እንዴት አወቃችሁ ብዬ ጠየቅሁ። መዘኗት፣ መጠኑም ተቀየረ። ስለዚህ ጠይቁ። ወላጅ ሲጠይቅ ባለጌ አይባልም።

ሰዓቱ፣ ወጪው፣ እና "ከባሰ ከዚህ ወዴት ያልፋል?" የሚለው ጥያቄ ይቀራሉ። በየምርጫው ሥር አነሳቸዋለሁ።

## ጤና ጣቢያ

ጎንደር ከተማ ውስጥ ጤና ጣቢያ የሚታወቅ ነገር ነው። ፖሊ ጤና ጣቢያ፣ አዘዞ፣ ማራኪ፣ ገብርኤል፣ ወለቃ፣ ጠዳ እያለ ይቀጥላል። አብዛኛው ሰው ግን "ለክትባት" ብቻ የሚሄድበት ቦታ አድርጎ ነው የሚያየው።

ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጎንደር የጤና ጣቢያ ሀሳብ ያደገባት ከተማ ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደንቢያ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚሁ ተከፈተ። ዓላማው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አሠልጥኖ በየአገሩ ጤና ጣቢያዎች ላይ ማሰማራት ነበር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተነሳው ከዚያ ነው።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ጤና ጣቢያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚያየው በደረጃ በተቀመጠ አሠራር ነው። የአደጋ ምልክት ይጠየቃል፣ ትንፋሽ ይቆጠራል፣ ኪሎ ይታያል፣ የክትባት ካርድ ይታያል። ተቅማጥ፣ ሳል፣ ሳምባ ምች፣ የጆሮ ሕመም፣ ወባ፣ የምግብ እጥረት እዚያው ይታከማሉ። ክንዱ ላይ በሚጠመጠመው መለኪያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከ11.5 ሳንቲሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም ያልተደረበበት ልጅ ፕላምፒ ነት የሚባለው የለውዝ አልሚ ምግብ ተሰጥቶት ከቤቱ እየተመላለሰ ይድናል። ይህን አገልግሎት የግል ክሊኒክ ውስጥ ብዙም አታገኙትም።

ክትባት ነፃ ነው። እንደተወለደ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በመጨረሻም በ15 ወር። የ15 ወሩ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ "የ9 ወሩን ጨርሰናል" ብሎ ይተወዋል። ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

ድክመቱንም ልናገር። መድኃኒት "አልቋል" የሚባልበት ቀን አለ። ላብራቶሪው ውስን ነው። ማታ የሚኖረው ተረኛ ጥቂት ነው። የሕፃናት ስፔሻሊስት አታገኙም። ግን አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን በአሠራሩ መሠረት ካየው፣ ለተለመደው የልጅ ሕመም ስፔሻሊስት የግድ አያስፈልግም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጤና ኬላ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ክትባት ብቻ አይደለም የሚሰጡት። ተቅማጥን፣ ያልከበደ ሳምባ ምችን፣ ወባንና የተወሳሰበ ያልሆነ የምግብ እጥረትን ያክማሉ። ገጠር ላለ ቤተሰብ ከሰዓታት የእግር መንገድ በፊት መጀመሪያ የሚንኳኳው በር እሱ ነው።

## የግል ክሊኒክ

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወረፋው ያጥራል፣ ከሥራ በኋላም ክፍት ነው፣ ውጤቱ በዚያው ሰዓት ይደርሳል። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ለሚቸግረው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን "የግል ክሊኒክ" አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያ ደረጃ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ስፔሻሊቲ ክሊኒክ አለ። ታፔላው ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ዛሬ የሕፃናት ሐኪም አለ? ካለስ ስንት ሰዓት ይገባል? አንዳንዱ ስፔሻሊስት የሚገባው በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው። ለስፔሻሊስት ብላችሁ ሄዳችሁ በሌላ ባለሙያ ታይቶ መመለስ አለ።

በተለይ ልብ በሉ የምለው ስለ ታይፎይድና ታይፈስ ምርመራ ነው። ልጅ ያተኮሰው እንደሆነ ደም ተቀድቶ "ታይፎይድ ታይፈስ አለበት" ተብሎ መርፌ የሚታዘዝበት ልማድ ተስፋፍቷል። በእኛ አገር በብዛት የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ያልታመመውንም ታሟል ሊል ይችላል። ውጤቱ ብቻውን ለመርፌ ምክንያት እንዲሆን አትፍቀዱ። "ሌላ ምን ምልክት አይታችሁበት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

እኛ ወላጆችም ድርሻ አለን። መርፌ ያልተወጋ ልጅ ያልታከመ የሚመስለን ብዙ ነን። ክሊኒኩ የምንፈልገውን ካየ ይሰጠናል። ጉንፋን የያዘው፣ ትንፋሹ ያልፈጠነ፣ የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅ መርፌም ፀረ ተሕዋስያንም አያስፈልገውም። "ምንም አያስፈልገውም፣ ፈሳሽ ስጡት፣ በሁለት ቀን ካልተሻለው አምጡት" ያለ ክሊኒክ ካገኛችሁ ያዙት።

## መድኃኒት ቤት

መድኃኒት ቤት የምታውቁትን ነገር ለመግዛት ነው እንጂ ምን እንደሆነ ያላወቃችሁትን ሕመም ለማከም አይደለም። ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለው፣ እና ዚንክ ግዙ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል። ከዚህ ያለፈው በማዘዣ ይሁን።

ንጥረ ነገሩ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በብዛት አንዱ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል። በግማሽ ሊትር አወፍሮ መስጠት ልጁን ይጎዳዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ዚንኩ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ ለ10 ቀን ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም። ጡትና ምግብም አይከልከል። በርጩማው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ወይም የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ ግን መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ።

ፓራሲታሞል የሚሰጠው በኪሎ እንጂ በዕድሜ ግምት አይደለም። የሽሮፑ ጥንካሬም ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። "ለታላቁ እንደሰጠሁት" ማለት አደጋ አለው። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ከጎረቤት ልጅ የተረፈ አሞክሳሲሊንም እንዲሁ።

## የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለከተማው ብቻ አይደለም። ከደባርቅ፣ ከመተማ፣ ከደንቢያ፣ ከጭልጋ የሚመጣ ሪፈር ሁሉ የሚያርፍበት ነው። የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል፣ የሕፃናት ተኝቶ ሕክምና፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ የልጆች ካንሰር ሕክምና አለው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ምርምርና ሕክምና ማዕከልም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ግቢ የሚሰጥ ቦታ በአካባቢያችን ሌላ የለም።

ለዚህ ነው ለቀላል ጉንፋን እዚያ መሰለፍ ጥሩ ምርጫ ያልሆነው። ልጃችሁ ግማሽ ቀን ከባድ ሕመም ካለባቸው ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ኩፍኝ እንኳ ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ያለ ሪፈር ሲኬድ ደግሞ የጤና መድኑ ወጪውን እንደሚገባው አይሸፍንም።

ድንገተኛ ሕመም ግን ሪፈር አይጠይቅም። ከላይ ከጠቀስኳቸው አራት ምልክቶች አንዱ ያለበትን ልጅ ይዛችሁ "መጀመሪያ ካርድ አውጡ" ብትባሉ እንኳ ምልክቱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። "አንቀጥቅጦታል"፣ "አይነቃም"፣ "መጥባት አቁሟል" በሉ። እነዚህ ቃላት ተራ ያስቀድማሉ።

የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ አንድን ልጅ ተማሪዎች፣ ኢንተርኖች፣ ሬዚደንቶችና ስፔሻሊስት በየተራ ያዩታል። ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ መመለስ ያደክማል። ግን ብዙ ዓይን ማየቱ አንዱ ያለፈውን ሌላው እንዲይዘው ያደርጋል። ኃላፊ ሐኪሙ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁና ዋና ጥያቄያችሁን ለእሱ አስቀምጡ።

ከከተማው ውጭ ላሉ፣ ቆላ ድባ፣ አይከልና አምባ ጊዮርጊስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች አሉ። ደም መርምሮ፣ ኦክስጅንና ግሉኮስ ሰጥቶ ልጅን ማረጋጋት የሚችሉ ናቸው። ልጁ እየደከመ ሳለ እነሱን አልፎ ጎንደር ድረስ መሮጥ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ይምጣ።

## ጠበልና የቤት ሕክምና

ይህንን ሳላነሳ ባልፍ ለጎንደር የተጻፈ አይሆንም። ጠበል የሚወሰድ ልጅ መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ ፈሳሽና ምግብም አይከልከል። ጠበሉንም ሕክምናውንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ብዙ ካህናትም ይህንኑ ይመክራሉ። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ግን ከጠበል ጋር በምንም መልኩ አይነጻጸሩም። ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ ከተቆረጠ ደግሞ በደም የሚተላለፍ በሽታ ይከተላል። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ሐኪም ይየው። በአንዳንድ ልጆች ላይ በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብ ሕመም ያመጣል።

## በአጭሩ ሲታይ

| ቦታ | የሚመረጠው ለ | የሚያስቸግረው | ወጪ | ማታ |
|---|---|---|---|---|
| ጤና ኬላ | ገጠር ላሉ፤ ተቅማጥ፣ ሳል፣ ወባ፣ ክትባት | ላብራቶሪ የለም | በጣም ዝቅተኛ ወይም ነፃ | አይታሰብም |
| ጤና ጣቢያ | ለአብዛኛው የልጅ ሕመም፣ ክትባት፣ የምግብ እጥረት | መድኃኒት ሊያልቅ ይችላል | ዝቅተኛ፤ መድን ይሠራል | ተረኛ አለ፣ ግን ጥቂት |
| የግል ክሊኒክ | ጊዜ ለሌለው፣ ስፔሻሊስት ለሚፈልግ | ያልተፈለገ ምርመራና መርፌ | ከፍተኛ | አንዳንዱ |
| መድኃኒት ቤት | ንጥረ ነገር፣ ዚንክ፣ ፓራሲታሞል | ምርመራ የለም | መካከለኛ | ተረኛው ብቻ |
| የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል | ከከተማ ውጭ ላለ ከባድ ሕመም | ስፔሻሊስት ውስን ነው | ዝቅተኛ፤ መድን ይሠራል | ክፍት |
| የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል | የአደጋ ምልክት፣ አራስ፣ ሪፈር | ወረፋ | በሪፈር ሲሆን ዝቅተኛ | ክፍት |

## ለእናንተ የሚሆነው የትኛው ነው?

አራስ ልጅ ላላችሁ። ገንዘብ ኖራችሁም አልኖራችሁም ምርጫው አንድ ነው። ከ2 ወር በታች ያለ የታመመ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ከክሊኒክ ክሊኒክ አይዙርም። ሆስፒታል።

ገንዘብ ለሚያጥራችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሁኑ፣ በየዓመቱም አሳድሱ። ልጅ ከታመመ በኋላ የሚደረግ ሩጫ አይደርስም። ጉዟችሁም ከጤና ጣቢያ ይጀምር፣ ሪፈሩም ከዚያ ይጻፍ። ለክሊኒክ የምትበደሩት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ጤና ጣቢያ በነፃ ወይም በጥቂት ብር የሚገኘውን ነው የሚገዛው።

አቅም ላላችሁና ጊዜ ለሌላችሁ። አንድ የሕፃናት ሐኪም ያዙና እሱ ጋ ብቻ ተመላለሱ። በየሕመሙ ክሊኒክ መቀያየር የልጁን ታሪክ ያጠፋል። ክትባቱ ግን ከጤና ጣቢያ አይውጣ።

ወባ ካለበት አካባቢ ለተመለሱ። ደንቢያ፣ መተማ ወይም ሁመራ የከረመ ልጅ ቢያተኩሰው ደሙ ለወባ ሳይታይ መድኃኒት አይጀመር። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ከመተማና ከሁመራ በኩል የመጣ ልጅ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከከሳና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላዛርን አስቡ። ይህ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ጉዳይ ነው።

አደጋ ለደረሰበት ልጅ። እሳት ወይም ፍል ውኃ ከሆነ ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አይደረግበት። ውሻ ከነከሰው ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ይጠየቅ። ውሻው ሲያብድ አይጠበቅም። በረኪና ወይም ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል። በሃይላንድ ጠርሙስ በረኪና ማስቀመጥን ደግሞ ዛሬውኑ ተዉት።

ሌሊት ለሚጨነቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሁልጊዜ ቶሎ ይደርሳል ብላችሁ ግን አትቀመጡ። ሰፈራችሁ የሚያድር የአንድ ባጃጅ ሹፌር ስልክ አሁኑኑ መዝግቡ።

ሪፈር የተጻፈለትን ልጅ ይዞ ቤት ገብቶ ማደር የለም። ወረቀቱ ላይ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ መጻፉን አረጋግጡ። የክትባት ካርዱን፣ የመድን መታወቂያውንና ቤት የነበረውን መድኃኒት ከነጠርሙሱ ያዙ። አራስ ከሆነ እናቱ ራቁቱን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቆቡን አጥልቃ፣ በጋቢ ሸፍናው ትሂድ። መጥባት ከቻለ መንገድ ላይም ታጥባው።